ተጫዋቹ ሁሉ ሠሪ ይሁን የተባለበት ጌም

ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 ገበያ ላይ ሲውል (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱም ወሩም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሶኒ ከአዲሱ ኮንሶል ጋር ካሰለፋቸው ጌሞች አንዱ «ሳክቦይ፡ ኤ ቢግ አድቬንቸር» ነበር። ሳክቦይ በሹራብ ክር የተሠራ፣ ደረቱ ላይ ዚፕ ያለው፣ ዓይኖቹ ጥቁር አዝራር የሆኑ ትንሽ አሻንጉሊት ነው። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይንጠለጠላል። አራት ሰው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሊጫወተው ይችላል። ጌሙ ያምራል፤ ለልጅም ለአዋቂም አይከብድም። ሳክቦይን ከ2008 ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ግን ትንሽ እንደተጫወተ አንድ ነገር መፈለጉ አይቀርም። የራስን ሌቭል የሚሠሩበት ክፍል የለም። አልተደበቀም፣ በኋላም አልተጨመረም፤ ከመጀመሪያው እንዳይኖር ተወስኗል።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ሳክቦይ የተፈጠረው እኮ ሰው ሌቭል እንዲሠራበት ነው። የመጀመሪያ ጌሙ «ሊትልቢግፕላኔት» ሲወጣ መፈክሩ ሦስት ቃል ነበረው፤ ተጫወት፣ ፍጠር፣ አጋራ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ከሦስቱ የተረፈው የመጀመሪያው ብቻ ሆነ። ሶኒ በግልጽ ባይናገረውም መልእክቱ አያሻማም፤ ብዙው ሰው መዝለል እንጂ መገንባት አይፈልግም፤ ገበያውን ማስፋት ከፈለግን የመሥሪያ ሣጥኑን እናንሳው።

የጌም ኢንዱስትሪው በዚህ ጉዳይ አርባ ዓመት ያህል ሲከራከር ኖሯል። ሰው ራሱ የሚሠራው የመዝለያ ጌም ከጥቂት አፍቃሪዎቹ አልፎ ሰፊውን ሕዝብ ሊስብ ይችላል ወይ? እኔ መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል ባይ ነኝ። ሰፊው ሕዝብ መጥቷል። የመጣው ግን ሶኒም ኒንቴንዶም ቆመው በጠበቁት በር አይደለም፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው መምጣቱን ያላየው።

ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። በ1983 አሜሪካ ውስጥ በወጣው «ሎድ ራነር» ተጫዋቹ ከተዘጋጁለት 150 ሌቭሎች ሌላ የራሱን መሥራት ይችል ነበር። በዚያው ዘመን ቢል በጅ የተባለ ፕሮግራመር ሰው የፒንቦል ጠረጴዛውን ራሱ የሚገጣጥምበት ጌም አወጣ። ኒንቴንዶም ብዙ አልዘገየም። «ኤክሳይትባይክ» በተባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር ልጁ ጉብታውንና ጭቃውን ራሱ እየደረደረ መንገድ ያዘጋጃል። የጃፓን ልጆች የሠሩትን መንገድ ለብቻው በሚሸጥ የካሴት መቅጃ ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። መቅጃው ግን ከጃፓን ውጭ አልተሸጠም። የአሜሪካና የአውሮፓ ልጆች «አስቀምጥ» የሚለውን ምርጫ ስክሪኑ ላይ እያዩ፣ ቢጫኑት ምንም አያደርግላቸውም፤ ማሽኑ ሲጠፋ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። የሚሠሩበት መሣሪያ ተሰጥቶ፣ የሠሩትን የሚያኖሩበትና የሚያሳዩበት ቦታ መከልከል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህን ዓይነት ጌም ተጣብቶት ቀርቷል።

ካርቶን፣ ስፖንጅና የሞተር ብሎን

ሚዲያ ሞለኪውል የተባለው ስቱዲዮ በ2006 በእንግሊዝ ጊልድፎርድ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ማርክ ሂሊ፣ አሌክስ ኤቫንስ፣ ዴቭ ስሚዝና ካሪም ኤቱኒ ናቸው። ሂሊ ከዚያ በፊት በትርፍ ጊዜው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ራግ ዶል ኩንግ ፉ» የተባለ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ድብድብ ሠርቶ ነበር። ጨርቅ፣ ክርና ካርቶን የሚወድ ቡድን መሆኑ ከዚያ ጀምሮ ያስታውቃል። በማርች 2007 ሳንፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ፣ በወቅቱ የሶኒ ኃላፊ የነበረው ፊል ሃሪሰን ስለ ጌም መጪው ዘመን ሲናገር ለማሳያ ያቀረበው የእነዚህን ሰዎች ሥራ ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 ዋጋው ተወድዶ፣ ተቺው በዝቶበት በነበረበት ጊዜ ይህች አሻንጉሊት ለሶኒ ጥሩ ፊት ሆነችለት።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። አንድ አዝራር ሲጫኑ ከሳክቦይ ራስ ላይ በክር የተንጠለጠለች፣ የሐሳብ አረፋ የምትመስል ምናሌ ትከፈታለች፤ ፖፒት ይሏታል። ከውስጧ ካርቶን ይመርጡና በጆይስቲኩ እየጎተቱ ቅርጽ ያወጡለታል። ከእንጨት ሁለት ክብ ይቆርጣሉ፤ ከካርቶኑ ጋር በሞተር ብሎን ያስሯቸዋል፤ ብሎኑ ወደየት በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር ይወስናሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው ቆሟል። ጊዜውን ሲለቁት ጋሪው መሬት ላይ ዱብ ይልና መንቀሳቀስ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ይገለበጣል፤ ክብደቱ ወደፊት አድልቶ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ጎማ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቋል። ጊዜውን ወደኋላ ይመልሳሉ፣ ካርቶኑን ቀነስ ያደርጋሉ፣ ከሥሩ ብረት ይለጥፋሉ፣ እንደገና ይለቁታል። ሳክቦይ ይዞ እንዲንጠለጠልበት የፈለጉት ነገር ካለ ከስፖንጅ ይሠሩታል፤ ካርቶኑን መጨበጥ አይችልምና። ጥግ ላይ ያለችው ቴርሞሜትር ስትሞላ ከዚያ በላይ ዕቃ አይጨመርም፤ ያኔ የቱ ጌጥ ይቅር የሚለው ክርክር ከራስ ጋር ይጀመራል።

በዚህ መሣሪያ ሰው ምን አልሠራ! ጌሙ ገና በሙከራ ላይ እያለ አንድ ተጫዋች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፒስተኖችንና የማግኔት ማብሪያዎችን አገጣጥሞ የሚደምርና የሚቀንስ ማስያ ሠራ። ማንም አላዘዘውም፤ ከጌሙ ሠሪዎችም መሣሪያው ለዚህ ይሆናል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም። በእንግሊዝ በግንባታ ሥራ ይተዳደር የነበረ ሌላ ሰው ማታ ማታ የሚሠራቸው ሌቭሎች ስላማሩ ስቱዲዮው ራሱ ቀጠረው። የተጫዋቾቹ ሌቭሎች ቁጥር በጥቂት ዓመት ውስጥ ሚሊዮኖች ገባ።

ጌሙ ገበያ ከመግባቱ ከቀናት በፊት በኦክቶበር 2008 ያጋጠመው ነገርም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ሊትልቢግፕላኔት ዓለምን ሁሉ ለመጥራት የተዘጋጀ ጌም ስለነበር ሌቭሎቹ ከአፍሪካ ሳቫና እስከ ሜክሲኮ፣ ከጃፓን እስከ ሕንድ ይዘልቃሉ፤ ሙዚቃውም እንዲሁ ከየአገሩ ተሰብስቧል። ከዘፈኖቹ አንዱ የማሊው የኮራ (ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ሊቅ የቱማኒ ዲያባቴ ነበር። በዘፈኑ ግጥም ውስጥ ከቅዱስ ቁርኣን የተወሰዱ ሐረጎች እንዳሉ አንድ ሙስሊም ተጫዋች ለሶኒ አሳወቀ። ሶኒ ወደ መደብር የተላኩትን ዲስኮች በመላው ዓለም ሰበሰበ፤ ጌሙ ዘግይቶ፣ ዘፈኑም ድምፁ ተነሥቶለት ወጣ። የሚገርመው ዲያባቴ ራሱ ሙስሊም መሆኑ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ የአዝማሪዎች ባህልም እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። አንዱ ቤት ምስጋና የሆነው ሌላው ቤት ድፍረት ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ሰፊ ተመልካች መጥራት እንዲህ ያለ ዕዳም አለው።

ዝላዩ ለምን ተወቀሰ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሳክቦይ ዝላይ ተወቅሷል። ይንሳፈፋል፤ ሲያርፍም ይንሸራተታል። የማሪዮን ዝላይ የለመደ ጣት በሳክቦይ ይናደዳል። ምክንያቱ የእጅ መላላት አይመስለኝም። የኒንቴንዶ ሰዎች የማሪዮን ዝላይ በእጅ ቀርጸውታል፤ አዝራሩ ምን ያህል እንደተጫኑት ስንት ከፍ እንደሚል፣ አየር ላይ እያለ ምን ያህል እንደሚዞር ሁሉም ተለክቷል። የሳክቦይ ዓለም ግን ሁሉ ነገር ክብደትና ግጭት ያለው ዓለም ነው። ጋሪው እውነተኛ ጋሪ እንዲሆን፣ ገመዱም እውነተኛ ገመድ እንዲሆን ሲባል አሻንጉሊቱም በዚያው ሕግ ይተዳደራል። ከዚህ ላይ ሌቭሉ ፊት፣ መሐልና ኋላ ተብሎ በሦስት እርከን የተከፈለ ነው። ሳክቦይ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ጌሙ ራሱ ይገምታል፤ ሲሳሳት አሻንጉሊቱ ገደል ይገባል።

እንግዲህ ለሠሪው የተመቸው ለዘላዩ አልተመቸም ማለት ነው። ሃያሲያን በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ ጌሙ ብዙ ሰው ያልያዘው ዝላዩ ደካማ ስለሆነ ነው ያሉም አሉ። ይህን አስተያየት ለጊዜው ወደ ጎን እናቆየው፤ በኋላ የሚመጣ አንድ ነገር ውድቅ ያደርገዋል።

ሌላው ወቀሳ ሰው የሠራው አብዛኛው ነገር ቆሻሻ ነው የሚል ነበር። እውነት አለው። የሊትልቢግፕላኔትን ዝርዝር የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚያን የተዋቡ ሥራዎች አልነበረም። ከላይ የሚቀመጡት በአንድ ደቂቃ ዋንጫ የሚያሸልሙ ባዶ ሌቭሎችና «የቦምብ ማምለጫ»፣ «የሻርክ ማምለጫ» የሚባሉ ነገሮች ናቸው። የሻርክ ማምለጫው አንድ መድረክ፣ ከበታቹ ውኃ የሚመስል ነገርና የሚዘሉ ሻርኮች፣ ከላይ አራት አሻንጉሊት እየተጋፋ፣ በቃ። ለሳምንታት ሲደክም የከረመ ሠሪ ሥራው በሃምሳ ሰው ታይቶ ሲቀር፣ ሻርኩ ግን ሕዝብ ይሰበስባል። በየመድረኩ ምሬት ነበር። ልብ ምልክት ስጠኝ፣ እኔም እሰጥሃለሁ የሚል ልመናም በዛ።

እኔ ግን ለሻርኩ እቆማለሁ። ሰፊ ሕዝብ ሲባል ይኸው ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ተጋፍቶ፣ ስቆ፣ ሞቶ፣ እንደገና የሚጀምር። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሕዝቡ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ሙዚየም ሊሠሩለት ያሰቡ ይመስለኛል።

እንግዳው ሁሉ ወጥ ቤት

ሚዲያ ሞለኪውል ከሊትልቢግፕላኔት 2 በኋላ የሄደበት መንገድ ይህን ያጠናክራል። ሶኒ ስቱዲዮውን በ2010 ገዛው። የ2011ዱ ሁለተኛ ጌም ከመዝለል አልፎ ሌላ ዓይነት ጌም ሁሉ እንዲሠራበት መሣሪያውን አሰፋው። ሦስተኛውን በ2014 ለሱሞ ዲጂታል ሰጥተው እነሱ ወደ ትልቁ ሕልማቸው ዞሩ፤ ስሙም «ድሪምስ» ነው። ፕሌይስቴሽን 4 በፌብሩዋሪ 2013 ሲተዋወቅ ሐሳቡ መድረክ ላይ ታየ። ሙሉው ጌም የወጣው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ሰባት ዓመት።

ድሪምስ በቴክኒክ ድንቅ ሥራ ነው፤ የብሪታንያው ባፍታ በ2021 በቴክኒክ ዘርፍ ሸልሞታል። ሰው ጆይስቲኩን አየር ላይ እያወዛወዘ ሸክላ እንደሚያበጅ ቅርጽ ያወጣል፣ ቀለም ይነሰንሳል፣ ሙዚቃ ይደርሳል፣ ገጸ ባሕሪውን ያንቀሳቅሳል። በሊትልቢግፕላኔት ሰው ተለጣፊና ካርቶን ሲያገጣጥም ነበር፤ በድሪምስ ካርቶኑን ራሱን ከምንም ይፈጥራል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እንግዶች ጠርቶ፣ ምግቡ እስኪደርስ ሁሉም ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርት ይክተፍ እንደሚል ደጋሽ ሆኑ። መክተፍ የሚወዱት ጥቂቶች ተደስተው ገቡ፤ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ሽታውን አሸተተና ሄደ።

ከዚህ የባሰው የበሩ ጥበት ነበር። ድሪምስ በፕሌይስቴሽን ብቻ ነው፤ ያውም ፕሌይስቴሽን 4 ዘመኑ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት። በኮምፒውተር የለም፣ በስልክ የለም። ሠሪው የሠራውን ጌም ከዚያ አውጥቶ ራሱን እንደቻለ ጌም ለሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም። የ«ኤክሳይትባይክ» መቅጃ በሌላ መልክ መጣ። ስቱዲዮው በሴፕቴምበር 2023 ለጌሙ አዳዲስ ነገር ማውጣቱን አቆመ፤ ሂሊም በዚያው ዓመት ስቱዲዮውን ለቀቀ። ኤቫንስ ቀደም ብሎ በ2020 ወጥቷል።

ኒንቴንዶ በመሐሉ ተቃራኒውን መንገድ ሞከረ። በ2015 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ሜከር» ለሠሪው የሚሰጠው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ነው፤ ጡብ፣ ቱቦ፣ ኤሊ፣ እንጉዳይ። አዲስ ነገር መፍጠር አይቻልም፤ ያለውን መደርደር ብቻ። አንድ ብልህ ሕግም ተደረገ፤ ሠሪው ሌቭሉን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት ራሱ ተጫውቶ መጨረስ አለበት። ማለፍ የማይቻል ሌቭል እንዳይኖር ነው። ዊ ዩ የተባለው ኮንሶል ራሱ 13 ሚሊዮን ተኩል ያህል ብቻ ተሸጦ የወደቀ ማሽን ነበር፤ ማሪዮ ሜከር በዚያ ላይ 4 ሚሊዮን ያህል ሸጠ። ስዊች በተባለው ተከታዩ ኮንሶል ላይ በ2019 የወጣው ሁለተኛው ከ8 ሚሊዮን በላይ ሄደ።

የማሪዮ ሜከር ግኝት ከሽያጩ ይልቅ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ማምጣቱ ነው፤ የሚያይ። መሥራት የማይፈልግ፣ ጆይስቲክም ያልያዘ ሰው ሌላው አንድ ክፉ ሌቭል ላይ ሺህ ጊዜ ሲሞት በዩቲዩብና በትዊች ቁጭ ብሎ ያያል። ኒንቴንዶ የዊ ዩን ሰርቨር በኤፕሪል 2024 እንደሚዘጋ ሲያሳውቅ፣ አንድ የተጫዋቾች ቡድን ማንም ያላለፋቸውን ሌቭሎች ሁሉ ከዚያ በፊት ለመጨረስ ዘመቻውን አፋጠነ። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ አሥራ ሰባት ሰኮንድ ያህል የሚፈጅ፣ በ2017 የተጫነ። በዚህ መሐል ሠሪው ያንን የመጨረሻ ማረጋገጫ በራሱ እጅ ሳይሆን በማሽን ታግዞ እንዳለፈ ተናዘዘ። ቡድኑም ሌቭሉ አይቆጠርም፣ ዘመቻው አልቋል አለ። ሰርቨሩ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ተጫዋች በእጁ አለፈው። የጌም ዜና የማይከታተሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰሙት። ለመዝለያ ጌም ከዚህ የበለጠ ድራማ ከየት ይመጣል?

ሕዝቡ የገባበት በር

ዴቪድ ባዙኪና ኤሪክ ካስል ሮብሎክስ የተባለውን የጌም መሥሪያና መጫወቻ መድረክ በ2006 ለሕዝብ ሲከፍቱ ያማረ ነገር አልነበረውም። ሰዎቹ ከጡብ የተጠረቡ ይመስላሉ፣ አንጓቸው አይታጠፍም፤ ዝላያቸው እንጨት ወርውሮ የመቅለብ ያህል ነው። የሳክቦይን ዝላይ የተቸ ሃያሲ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አስቡት። በ2025 ግን ሮብሎክስ በቀን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚገባበት ቦታ ሆኗል።

ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይጫወታል ብለን ብንጠይቅ ከመልሶቹ አንዱ «ኦቢ» የሚባለው ነው። ኦቢ የመሰናክል ጌም ነው፤ ከጡብ ወደ ጡብ መዝለል፣ ቀዩን የነካ ይሞታል፣ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ። ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። ሮብሎክስ ለጀማሪ ሠሪ ከሚያቀርባቸው ዝግጁ ናሙናዎች አንዱ ይኸው ኦቢ ነው። «ታወር ኦቭ ሄል» የተባለው፣ ማረፊያ የሌለው የማማ ዝላይ፣ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ ተከፍቷል። እንግዲህ ተራ ሰው የሚሠራው፣ ተራ ሰው የሚጫወተው የመዝለያ ጌም ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? ሊትልቢግፕላኔት ያለመው ነገር ነው፤ ሹራቡና ካርቶኑ ተገፎ፣ ያ የተናቀው የሻርክ ማምለጫ ብቻ ቀርቶ።

ስለዚህ ዝላዩም ውበቱም አልነበረም ጉዳዩ። ሮብሎክስ ነጻ ነው። በተራ ስልክ ይከፈታል። የሚሠሩበት ፕሮግራም በኮምፒውተር ነው፤ የሚጫወተው ግን መሥራት የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ሊጫወት ይችላል። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እንደጻፈው፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ከመቶ ሰው ዘጠናው ያያል፣ ዘጠኙ አልፎ አልፎ ይሞክራል፣ አንዱ ይሠራል። ሚዲያ ሞለኪውል ይህን አንድ ለመቶ ማሳደግ ፈለገ። ሮብሎክስ መቶውን አበዛው፤ አንዱ በራሱ ጊዜ ተከተለ። ማይንክራፍት ደግሞ ክርክሩን ከነጭራሹ ዘለለው፤ እዚያ መሥራትና መጫወት የሚባል ልዩነት የለም፣ ሌሊት ሲመጣ ቤት ካልሠሩ ይበላሉና። ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 የተሸጠው ቅጂ 300 ሚሊዮን መድረሱ ተነገረ።

ሮብሎክስ ለሠሪው ገንዘብም ያስገኛል፤ ሊትልቢግፕላኔት የሚያስገኘው ልብ ምልክት ነበር። ሒሳቡ ግን ለሠሪው አያደላም። ተጫዋች 800 ሮበክስ (የሮብሎክስ የራሱ ገንዘብ) በ9.99 ዶላር ሲገዛ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዷ ከአንድ ሳንቲም በላይ ዋጋ ነበራት። ሠሪው ያገኛትን ሮበክስ ወደ ዶላር ሊመልስ ሲመጣ ለረጅም ጊዜ የተሰላለት በ0.0035 ዶላር ነበር፤ ያውም ቢያንስ 30,000 ካጠራቀመ። ያ 105 ዶላር ነው። ያንኑ 30,000 ተጫዋቾቹ በዚያ በመጀመሪያው ዋጋ ገዝተውት ከሆነ 375 ዶላር ገደማ ከፍለዋል። በ2021 «ፒፕል ሜክ ጌምስ» የተባለው የብሪታንያ የዩቲዩብ ጣቢያ ይህ የልጆች ጉልበት ብዝበዛ አይደለም ወይ ብሎ ጠይቋል፤ ኩባንያው አይደለም ይላል። የልጆች ደኅንነት ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በልጆች መሐል አዋቂ አጥማጆች መግባታቸው በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ክስ አስከትሏል። ቱርክ በ2024፣ ኳታርና ኩዌት በ2025 ጌሙን ዘግተዋል። ሕዝቡ ሁሉ የሚገባበት በር ሌባውንም ያስገባል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ ሌላ መልክ አለው። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለውን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች፣ ግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ክለብ ፖስተር። የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። እዚያ የሚነግሠው እግር ኳስ ነው፤ መንገሡም ልክ ነው፤ ጨዋታው አጭር ነው፣ አሸናፊው ይታወቃል፣ የተሸነፈው ይነሣል። በሰዓት እየከፈለ ካርቶን ከብሎን ጋር የሚያስር ማን አለ? ነገ ተመልሶ ቢመጣስ የጀመረው ጋሪ በማን ስም ተቀምጦ ይጠብቀዋል? ሶኒ የኦንላይን አካውንት ከሚከፍትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥም ኢትዮጵያ የለችም፤ የሌላ አገር ስም ሰጥተው ካልሆነ «አጋራ» የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም ነበር። ስልክ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። የቤቱን ዋይፋይ ወይም የእናቱን ዳታ የሚጨርስ ልጅ ኦቢ ለመዝለል የማንንም ተራ አይጠብቅም።

ሰርቨሩ ሲዘጋ

የሊትልቢግፕላኔት የፕሌይስቴሽን 3 ሰርቨሮች በ2021 በጠለፋ ከተናጉ በኋላ ተዘጉ። ሦስተኛው ጌም በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጥቂት ቆየ። በጃንዋሪ 2024 በቴክኒክ ችግር ተቋረጠ፤ በኤፕሪል፣ ኒንቴንዶ ዊ ዩን በዘጋበት ወር፣ እንደማይመለስ ተነገረ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሰዎች የሠሯቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌቭሎች ከዚያ ወዲህ ከጌሙ ውስጥ አይከፈቱም። ዲስኩን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ስቱዲዮው የሠራቸውን ሌቭሎች መጫወት ይችላል፤ የሠፈሩን ልጆች ሥራ ግን አያገኝም።

ይህ ነገር ለእኔ ከዝላዩም ከሽያጩም በላይ ነው። ሶኒ ሠሪዎቹን ለዓመታት ሲያወድስ፣ ሥራቸውን ለማስታወቂያ ሲጠቀም ኖሮ፣ መዝገቡን የሚያቆይበት መንገድ አላዘጋጀም። መጽሐፍ አሳታሚ ቢከስር የታተመው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እዚህ ግን ሠሪው ማሽኑ ላይ ቅጂ ቢኖረው እንኳ ለብቻው የሚከፈት ፋይል አይደለም። ሮብሎክስ ነገ ቢዘጋ የዛሬዎቹ ኦቢዎች ዕጣ የተለየ እንደሚሆን የሚያረጋግጥ ምንም ነገር አላየሁም። ሰፊ ተመልካች ስለማግኘት ሲወራ የሚያገኘው ማን እንደሆነ፣ ሠሪው ነው ወይስ ባለ ሰርቨሩ፣ አብሮ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

የቀድሞ ተጫዋቾች በበኩላቸው አልጠበቁም። ሰርቨሮቹ ከመዘጋታቸው በፊት አብዛኞቹን ሌቭሎች ቀድተው አስቀምጠዋል፤ የራሳቸውንም ሰርቨር ጽፈው አቁመዋል። አሮጌ ፕሌይስቴሽን 3 ከፍቶ፣ ሶፍትዌሩን ቀይሮ፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ጭኖ ወደዚያ የሚገባ ሰው ያን የሻርክ ማምለጫ ዛሬም መጫወት ይችላል። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችል ሰው ግን ከመጀመሪያውም ማስያ ይሠራ የነበረው ዓይነት ሰው ነው፤ ለሻርኩ ይመጣ የነበረው ከሌሎቹ ጋር ሮብሎክስ ገብቷል።